የዱቤ ጣሪያ

የሒሳብ መምህር የራሱን ሒሳብ አያውቅም። ሌላው ቢቀር እኔ አላውቅም። ሶማሌ ክልል፣ ሸደር ከመጣሁ ጀምሮ ቁርሴን የምበላው ወደ አውባሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። ባለቤቲቱን አገሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላታል። በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አክስት ደግሞ ዱቤ አትከለክልም። (ለባልቴት «እሷ» ማለቴ ከድፍረት አይቆጠርብኝ። በዚህ በምሥራቁ አማርኛ «እርስዎ» ገበያ የለውም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር ብላ አይታለች።)

ኤዶ ዕዳዬን የምትጽፈው ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት ደብተር ላይ ነው። ከፊት የእኔ ላሆህ (እንጀራ መሰል ቂጣ ነው) እና የግመል ወተት ሻሂ፣ ከኋላ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ። ደመወዝ ሲወጣ ገጹን ትገልጥና ዝም ብላ ወደ እኔ ታዞረዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው የጉ ዝናብ መግቢያ ላይ (ጉ የሚሉት የበልጉን ነው) አንድ ንፋስ መጣ። የሻይ ቤቱ ጣሪያ ያን ጊዜ ሁለት ፊት ብቻ ነበረው፤ ውሃውን ወደ መንገዱና ወደ ጓሮው ይጥላል። በግራና በቀኝ ያለው ጎን ግን እስከ አናቱ ድረስ በሦስት ማዕዘን ቆርቆሮ ተደፍኖ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ንፋስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አይወድም። ሦስት ማዕዘኑን ገፋው፣ ገፋውና በስንጥቁ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ አነሣው። ሁለት ቆርቆሮ በሦስት ቤት ላይ አልፎ አንድ ግቢ ውስጥ አረፈ። የግቢው ጌታ ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነው ብሎ በማግስቱ ለፍየሎቹ ጥላ አደረገው። ለማስመለስ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ሻሂ ጠጡ፤ ተመልሰው መጥተውም ጠጡ። ቆርቆሮው ሲመለስ የሻሂው ሒሳብ በልጦት ተገኘ። በማን ስም እንደተጻፈ አልጠየቅሁም።

የዚህ አገር ሜዳ ንፋሱን የሚያስቆምበት ዛፍም ተራራም የለውም። ካራማራ ከጅግጅጋ ወዲያ ማዶ ነው፤ ለእኛ አይደርስም። እዚሁ ክልል፣ አይሻ ላይ፣ ንፋሱን በትልልቅ ክንፍ ይዘው መብራት እንዲያመነጭ አድርገውታል። ሸደር ላይ ግን ገና ቆርቆሮ ያመላልሳል።

«መዓሊን» አለችኝ ኤዶ፣ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ «ጅግጅጋ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው በአራቱም በኩል ይወርዳል። ንፋሱ በየትም ቢመጣ ተንሸራቶ ያልፋል። እኔም እንደዚያ ነው የምፈልገው። አናጺ አምጥቻለሁ፤ እሱ ግን እንጨቱን ለማስላት ሁለት ቀን ስጪኝ አለ።»

ሁለት ቀን! የእኔ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በ40 ደቂቃ ፓይታጎረስን ከነማስረጃው ከነልምምዱ አስተምሬ፣ የተኛውን ቀስቅሼ፣ ስም ጠርቼ እወጣለሁ። «ስሌቱን ለኔ ተዪው» አልኩ። ዓይኔ ሳላውቀው ደብተሩ ላይ አረፈ። ገባት።

«የአንድ ወር እሰርዛለሁ» አለች።

«የሁለት።»

«ሃዬ። ጣሪያው ካላፈሰሰ።»

ያን ሌሊት ራሴን ከትልልቅ ሰዎች ተርታ አሰልፌ ነው ያደርኩት። ጅግጅጋን ቀጥ ቀጥ ባለ መንገድ አስቀየሷት የሚባሉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ «የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ»ን የጻፉት። ሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ መድፈኛ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ሳያሰላ አይተኩስም። እሳቸው ከተማውን በገመድ አሰመሩ፣ እኔ ደግሞ የሻይ ቤቱን ጣሪያ። እሳቸው ተውኔትም እንደጻፉ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው፤ የእኔም ጉዳይ ወደዚያው እያመራ ነበር።

ስሌቱ ይኸውላችሁ። ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው። በአራቱም በኩል እኩል ተዳፋት ይኑረው ከተባለ፣ አናቱ ላይ የሚጋደመው እንጨት ከ8 ላይ 6 ተቀንሶ 2 ሜትር ብቻ ይሆናል። ከግድግዳው እስከ ቤቱ መሀል 3 ሜትር፤ ከፍታውን 1 ሜትር ተኩል አደረግሁት። ዋናው ወራጅ እንግዲህ 3 በ3፣ 9፤ 1.5 በ1.5፣ 2.25፤ ድምሩ 11.25፤ ሥሩ 3 ሜትር ከ35። ይህን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ ካልተኛ።

ጉዱ ያለው ጥጉ ላይ ነው። የማዕዘኑ ወራጅ ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ አናቱ ይወጣል። የሚደርስበት ከፍታ ያው 1 ሜትር ተኩል ነው። ከሥሩ የሚያልፈው መሬት ግን 3 ሜትር አይደለም፤ የ3 በ3 ካሬ ሰያፍ ነው፤ 4 ሜትር ከ24። ያንኑ ከፍታ በረጅም መንገድ ስለሚወጣው ይተኛል፤ ዋናው ወራጅ ወደ 26 ዲግሪ ተኩል ሲያዘነብል ይኼኛው 19 ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ የመጋዝ ማዕዘን ለሌላው አይሆንም። ርዝመቱ፦ 18 ሲደመር 2.25፣ 20.25። ሥሩ 4.5። ልክ 4 ሜትር ተኩል፤ ቅንጣት ትርፍራፊ የለውም! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ መልስ ያየሁት መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቁጥሩን የመረጡት አስበውበት ነው።

አናጺው የወሎ ሰው ናቸው፤ ጅግጅጋ ከገቡ ልጆቻቸው ሶማሊኛ ተናግረው አግብተዋል። እርሳሳቸው ከአውራ ጣቴ ታጥራለች። ወረቀቴን ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት፣ በፀሐይ በኩል አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እንዲያው ግን መምህር፣ ውሃው የሚንጠባጠበው ግድግዳው ላይ ነው?»

ክፈፉን ረስቼዋለሁ። ጣሪያ ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት፤ አለዚያ ዝናቡ ግድግዳውን ይልሰዋል። ግማሽ ሜትር ይውጣ ካልን ዋናው ወራጅ 56 ሳንቲ ይጨመርለታል፤ የማዕዘኑ 75። ንጹሑ 4 ሜትር ተኩል 5 ሜትር ከ25 ሆነና አረፈው። ኤዶ የገዛችው ሞራሌ ደግሞ 4 ሜትር ነው።

«ይኼን አውቄ ነው ሁለት ቀን ያልኩት» አሉ አናጺው። «አንዱ ቀን የስሌት ነው፤ ሁለተኛው ረጅም እንጨት ፍለጋ።» በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣው ባህር ዛፍ፣ ከሐረር በኩል በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ እኔን ከሀፍረት አወጣኝ። አራቱን ግንድ አናጺው ጠርበው 10 ሳንቲ ውፍረት አበጁላቸው።

ከዚያ ቤቱን ከጥግ ጥግ ለኩ። 8 በ6 የሆነ ቤት ሰያፉ በሁለቱም በኩል 10 ሜትር መምጣት አለበት። አንዱ 10 ሜትር ከ6 ሳንቲ መጣ፤ ሌላው 9 ሜትር ከ94።

«ቤቱ ያነክሳል» አሉ አናጺው።

ማን እንደሠራው ኤዶን ጠየቅኋት። «ዘመድ ነው» አለች። ዝም አልን።

እኔ ስሌቱን ለአንካሳ ቤት እንደገና ልጀምር ወረቀት ስፈልግ፣ እሳቸው ግድግዳው ላይ የሚጋደመውን እንጨት በዚህ በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ፣ በዚያ በኩል ትንሽ ወደ ውጭ ገፉና በሲባጎ አሰሩት። ለኩ፤ 10 እና 10። ቤቱ ከታች እንዳነከሰ ቀረ፤ ከላይ ግን ጨዋ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በማዕዘኑ ወራጅና በግድግዳው መካከል የሚገቡ አጫጭር ወራጆች አሉ። አናጺው «ጫጩቶች» ይሏቸዋል፤ የማዕዘኑ ወራጅ እናታቸው ናት፤ ሁሉም በግራና በቀኝ ክንፏ ሥር ይሰለፋሉ። በየ60 ሳንቲው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በ67 ሳንቲ ያጥራል። ያለ ክፈፋቸው 2 ሜትር ከ68፣ 2 ሜትር ከ1፣ 1 ሜትር ከ34፣ መጨረሻዋ 67 ሳንቲ። በአንድ ክንፍ አራት፣ በእናት ስምንት፣ በጠቅላላው 32።

«አንተ ጫጩቶቹን ቁረጥ» አሉኝ። «እኔ እናቶቹን ላቁም።»

የወራጁ ጫፍ ሁለት ጊዜ ይዘባል። አንዴ ቁልቁል፣ የጣሪያውን ተዳፋት ተከትሎ፤ አንዴ ወደ ጎን፣ ከእናቱ ሰያፍ ጋር እንዲላተም። የመጀመሪያውን ጫጩት ላቤ ጠብ እስኪል ተጠብቤ ቆረጥሁት። ወስጄ ብለካው ማዕዘኑ ልክ እንደ በር ገጠመ። (8 ሳንቲ ረዝሟል፤ ፓይታጎረስ የሚያውቀው መስመር ነው፣ መስመር ደግሞ ውፍረት የለውም፤ የእናትየውን ወገብ መቀነስ ነበረብኝ። እሱስ ይቆረጣል።) ከዚያ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። የመጀመሪያውን አስተኝቼ ሌላውን በላዩ እያስተኛሁ፣ በእርሳስ እየዞርኩ፣ በልኩ ቆረጥሁ። አንድ ዓይነት፣ ትክክለኛ፣ ስምንት ስምንት። እስከ ዐሥር ሰዓት 32ቱንም ጨርሼ ደረደርኳቸው። ሰልፋቸው የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይመስል ነበር።

አናጺው ከላይ ሆነው «የግራውን አቀብል» አሉ። አቀበልኩ። ተመታ። «ሌላ።» ተመታ። ዐሥራ ስድስት ጫጩት በየእናቱ ግራ ክንፍ ገባ።

«የቀኙን አቀብል።»

አቀበልኩ። እንጨቱን ወደ ቀኝ ጎን አስጠጉት፤ ጫፉ አንድ ጎኑ ብቻ ነክቶ ሌላው አፉን ከፍቶ ቀረ። ገለበጡት። ጎኑ ተስማማ፤ አሁን ደግሞ ቁልቁል የዘባው ተገልብጦ ወደ ሰማይ አፈጠጠ። እንጨቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቁልቁል አዩኝ።

«መምህር» አሉ፣ «32ቱንም ግራ ነው የሠራኸው?»

ሠላሳ ሁለት ነጠላ ጫማ ገዝቶ ሁሉም የግራ እግር የሆነበትን ሰው አስቡት። የከፋው ይህ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ነጸብራቅን ነበር። ግራ እጄን አንሥቼ «ይህ እጅ መስታወት ውስጥ ምን ይሆናል?» ብያለሁ፤ «ቀኝ!» ብለው ሃምሳ ልጆች ጮኸውልኛል፤ አጨብጭበናል። ከሃምሳዎቹ ሁለቱ አሁን እዚያው ቆመው ሞራሌ ሲይዙልኝ ነበር። አንዱ ቀስ ብሎ ግራ እጁን አነሣ። መልስ ሊሰጥ ነው ወይስ ሊያላግጥብኝ ነው፣ እስካሁን አላወቅሁም።

አዬዮ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። አዬዮ የኤዶ እናት ናት፤ ቀኑን ሙሉ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስታየን ነው የዋለችው። ለኤዶ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ኤዶ ሳቀች።

«ምን አለች?»

«ጥጉን ለምን ሠሩት ትላለች።»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አዬዮ በልጅነቷ በግመል ስትጓዝ ያደገች ናት፤ ስትዳር የገባችበትን፣ አቃል የሚሉትን ጎጆ እናቷና ዘመዶቿ ናቸው ያበጁላት። አቃል የሴት ሥራ ነው። ዲጎ የሚባሉ ጎባጣ እንጨቶች መሬት ላይ በክብ ይተከላሉ፣ አናት ላይ ይታሰራሉ፣ በሴቶች የተሠራ ምንጣፍ ይለብሳሉ፤ ሲነሡ ደግሞ እንጨቱም ምንጣፉም ግመል ላይ ይጫናል፤ ጎባጣው እንጨት ለጭነቱም መደገፊያ ይሆናል። ሰያፍ የለ፣ ግራ ቀኝ የለ። ንፋሱ የሚገፋው ፊት ስለማያገኝ ዙሪያውን ዳስሶ ያልፋል።

እኔስ ብሆን? የአያቴ ጎጆ ጥግ አልነበረውም። ወራጆቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው፤ ከግድግዳው ዙሪያ ተነሥተው መሀል ምሰሶው ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱን የቆረጠ ሁሉንም ቆረጠ። እኔ ዛሬ ያደረግሁት እዚያ ቢሆን ያስመሰግነኝ ነበር። ሐረሬዎች እንኳ ጥግ እያላቸው ጣሪያውን ጠፍጣፋ አድርገው ከዚህ ጣጣ ተገላግለዋል። እኔንና አዬዮን ለዚህ ያበቃን ቆርቆሮ ነው እላለሁ። ቆርቆሮ እንደ ሣር አይጎብጥም፣ እንደ ምንጣፍ አይጠቀለልም፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይዞ ይመጣና ቤቱን እንደ ራሱ ያደርገዋል። ሸደር ውስጥ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከከተማዋ አጠገብ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የስደተኞች መጠለያ አለ፤ ከሶማሊያ የመጡት ሰዎች እንደ አቃል ክብ አድርገው በጨርቅና በሸራ የሸፈኑት አለ፣ ቆርቆሮ የለበሰውም አለ። ክቡ «ነገ እሄዳለሁ» የሚል ይመስላል፤ ጥግ ያበጀው ግን መቆየቱን አምኗል።

ለአዬዮ ግን ይህን ሁሉ አላልኳትም። «ፍራሹ ጥግ ስላለው ነው» አልኳት በኤዶ በኩል። አልተዋጠላትም።

አናጺው እስከዚያ ድረስ መፍትሔውን አግኝተው ነበር። «ዐሥራ ስድስቱ የከሸፉት አንድ አንድ ክፍል ይውረዱ» አሉ። የ2 ሜትር ከ68ቱን ከላይ ቆርጠው፣ በቀኝ አዝብተው፣ የ2 ሜትር ከ1 አደረጉት። የ2 ሜትር ከ1 የነበረው 1 ሜትር ከ34 ሆነ። 1 ሜትር ከ34ቱ 67 ሳንቲ። ክፈፉና ግድግዳው ላይ የሚቀመጥበት ጥርብ ከታች ስለሆነ አልተነካም። ዐሥራ ሁለቱ ተማሪዎች እንዲህ ዳኑ። ለረጅሞቹ አራት ቦታ አዲስ ሞራሌ ተገዛ፤ ከታች ደግሞ የሚወርዱበት ክፍል ያጡ አራት ቁራጮች ተረፉ፤ ከነክፈፋቸው 1 ሜትር ከ23 የሚሆኑ። አናጺው ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወረቀት አልነኩም። አንዱን እንጨት ከሌላው ጎን አስተኝተው በዓይናቸው አወረዷቸው። እኔ 67 የሚለውን ቁጥር ሳገኝ ግማሽ ገጽ ፈጅቶብኛል፤ እሳቸው ቁጥሩን እስካሁንም አያውቁትም።

ቆርቆሮው ሲለብስ ብዙ የምናገረው የለም። ጥጉ ላይ ሁሉም በሰያፍ ስለሚቆረጥ ቁርጥራጩ ያስለቅሳል፤ ብልህ አናጺ ቁራጩን ገልብጦ በማዶኛው ፊት ይጠቀምበታል፤ የእኛው አደረጉት። የአሸንዳው ነገር ግን አከራከረ። ሁለት ፊት ጣሪያ አሸንዳ የሚፈልገው በሁለት በኩል ነው፤ ለዚህ ቤት 18 ሜትር ይበቃው ነበር። አራት ፊቱ ዙሪያውን 32 ሜትር ጠየቀ። ኤዶ ውሃውን ለጓሮዋ ቢርካ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያዋ፣ ትፈልገዋለች። ይህ ጣሪያ ከነክፈፉ 63 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለበት 630 ሊትር ነው። እንዲህ አስልቼ ስነግራት ጀሪካኖቿን በዓይኗ ቆጠረች። አሸንዳውን ግን በሁለት በኩል ብቻ አሠራች። በሌሎቹ ሁለት በኩል የሚወርደው መኪና ጠባቂዎች ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ለመጠለል ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከገቡ ሻሂ ያዝዛሉ። ይህን ስሌት እኔ አላስተማርኳትም።

ከረን የሚሉት የክረምቱ ዝናብ መጣ፤ ጣሪያው አላፈሰሰም። ንፋሱም መጣ፣ ዞረው፣ ሄደ። በማግስቱ ኤዶ ደብተሩን አወጣች። ቃሏን ጠብቃ የሁለት ወሩን በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ «ሞራሌ 4» ብላ ጻፈች። ደመረች። ገጹን ወደ እኔ አዞረችው።

ከሻይ ቤቱ ስወጣ አዬዮ ጓሮ ውስጥ አራቱን ቁራጮች መሬት ላይ ተክላ፣ በመካከላቸው የእሾህ ቅርንጫፍ እየሰካች ለግልገሎቿ በረት ታጥራለች። አራት እንጨት ክብ ይወጣዋል ብዬ አላምንም ነበር፤ ወጣው። ቀና ብላ አየችኝና እጄን ተመለከተች፤ ባዶ ነው። ኤዶን ጠርታ አንድ ነገር አለቻት።

«ሌላ የከሸፈ የለህም ወይ ትላለች» አለችኝ ኤዶ።